የአጋዘን ጠጉር በማጥመጃ ዝንብ ታሪክ

ማጥመጃ ዝንብ ማለት ዓሣ እውነተኛ ነፍሳት መስሎት እንዲነክሰው ላባ፣ ሱፍ፣ ሐር ወይም ጠጉር በመንጠቆ ላይ በቀጭን ክር ተጠምጥሞ የሚሠራ ማታለያ ሲሆን፣ ሙያው ቢያንስ ከሮማዊው ጸሐፊ ከኤሊያን ዘመን፣ ማለትም ከ3ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ጀምሮ በጽሑፍ ይታወቃል። ኤሊያን የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆውን በቀይ ሱፍ ከጠመጠሙ በኋላ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ እንደሚያስሩበት መዝግቧል፤ በ1496 (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ የታተመው የዓሣ ማስገር ድርሳንም 12 ዓይነት ዝንቦችን ሲዘረዝር በዋናነት የሚያወሳው ሱፍንና ላባን ነው። የአጋዘን ጠጉር በዚህ ሙያ ትልቅ ስፍራ ያገኘው በሰሜን አሜሪካ ነው። እዚህ ላይ አጋዘን የተባለው በኢትዮጵያ ቆላ የሚኖረው ባለጠምዛዛ ቀንዱ እንስሳ ሳይሆን፣ ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን እየጣለ አዲስ የሚያበቅለው የአሜሪካው ነጭ ጅራት አጋዘን ነው።

ይህ እንስሳ ለብርድ ወራት የሚያበቅለው ጠጉር ውስጡ በአየር በተሞሉ ጥቃቅን ክፍልፋዮች የተሠራ ስለሆነ ለባለቤቱ ሙቀት ይጠብቅለታል፣ ለዝንብ ሠሪው ደግሞ ውሃ ላይ ይንሳፈፍለታል። ክር ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰርበት የታሰረው ቦታ ስለሚጨፈለቅ የተቀረው ጠጉር ወደ ዙሪያው ተንጨባርሮ ይቆማል። በሙቀት ወራት የሚተካው ቀላ ያለ ጠጉር ቀጭንና አጭር በመሆኑ እንዲህ አይንጨባረርም፤ የጅራቱ ጠጉርም ረጅም ቢሆንም ከጀርባው ያነሰ አየር ይይዛል። ስለዚህ ጠጉሩ የተወሰደበት ወቅትና የቆዳው ክፍል ከሠሪው የእጅ ብልሃት ባልተናነሰ ሁኔታ ውጤቱን ይወስናሉ።

ከጥንታዊዎቹ ምስክርነቶች አንዱ በ1791 የታተመው የዕፅዋት ተመራማሪው የዊልያም ባርትራም የጉዞ መጽሐፍ ነው። ባርትራም በፍሎሪዳ የተመለከተው ማታለያ ጀርባ ለጀርባ የታሰሩ ሦስት ትልልቅ መንጠቆዎችን በአጋዘን ጅራት ነጭ ጠጉር፣ በቀይ ጨርቅ ቅዳጅና በልዩ ልዩ ላባ በመሸፈን የተሠራ ሲሆን፣ መጠኑ የሰው ጭብጥ ያክል ነበር። ማታለያው ከ10 እስከ 12 ጫማ በሚደርስ ዘንግ ላይ፣ 20 ኢንች ያህል ብቻ በሆነ ክር ተንጠልጥሎ ከታንኳ ላይ ውሃው ጫፍ ጫፉን እንዲነካ ይደረግ ነበር። በዚህ አሠራር ጠጉሩ የሚያገለግለው ለብዛቱና ለእንቅስቃሴው ስለሆነ የአንዱ ዘለላ ጫፍ ከሌላው እኩል መሆኑ ፋይዳ አልነበረውም።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ባስ ለተባለው አፈ ሰፊ ዓሣ የሚሠሩት ተንሳፋፊ ማታለያዎች ሲስፋፉ እንኳ ሁኔታው ብዙም አልተለወጠም። ሠሪው የእርሳስ ውፍረት ያለው ጠጉር በመንጠቆው ላይ ይዞ፣ ክሩን ሁለት ጊዜ ላላ አድርጎ ጠምጥሞ ሲስበው ጠጉሩ በመንጠቆው ዙሪያ ተሽከርክሮ ይበተናል፤ ሌላ ጭብጥ ከፊቱ ያስርና ወደ ኋላ ጠቅጥቆ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉንም በመቀስ ይከረክመዋል። የዌስት ቨርጂኒያው ጆ ሜሲንጀር በዚህ ጥበብ ጀርባው አንድ፣ ሆዱ ሌላ ቀለም ያለው እንቁራሪት እስከመሥራት ደርሷል። ይሁን እንጂ መቀስ የመጨረሻውን ቃል በሚናገርበት ሥራ የጠጉሩ ተፈጥሯዊ ጫፍ ተቆርጦ ስለሚወድቅ ማስተካከል አያስፈልግም ነበር።

ለውጡን ያመጣው ጠጉሩ ክንፍ መሆኑ ነው። ትራውት የተባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ፣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው ማለት ነው፣ በእንግሊዝ ደቡብ በተረጋጉ ወንዞች ሲጠመድ ከላባ የተሠራው ስስ ዝንብ ይበቃ ነበር፤ ፍሬድሪክ ሃልፎርድ በ1886 ስለ ተንሳፋፊ ዝንቦች ያሳተመው መጽሐፍም ያንን ውሃ መሠረት ያደረገ ነው። በአሜሪካ ፈጣን ወንዞች ግን ያ ዝንብ ቶሎ ይሰጥማል። ሊ ዉልፍ በ1930 ገደማ በኒውዮርክ ግዛት ለአውሴብል ወንዝ ባዘጋጃቸው ዝንቦች የላባውን ክንፍ በአጋዘን ጅራት ጠጉር ተካው፤ በዚያው አካባቢ ፍራን ቤተርስ በ1940ዎቹ መጨረሻ የሠራው ዝንብ ደግሞ ክንፉም ጭራውም ከአጋዘን ጠጉር ነበር። ዶን ጋፔን በ1930ዎቹ በካናዳ ኒፒጎን ወንዝ የፈጠረው ዝንብ የሁለቱ አሠራሮች መገናኛ ሆኖ ሊታይ ይገባዋል፤ ራሱ በመቀስ የተከረከመ ሲሆን ከራሱ ኋላ ያለው ጠጉር ግን ጫፉ ሳይቆረጥ ይቀራል። በ1957 አል ትሮዝ በፔንስልቬንያ፣ የአጋዘን ትልቅ ዘመድ ከሆነው ከኤልክ ጠጉር በሠራው ዝንብ ላይ የክንፉ መልክ ሙሉ በሙሉ በጫፎቹ ተወሰነ።

ጫፉ መታየት ከጀመረ በኋላ ዝግጅቱ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። በቆዳ ላይ ጠጉሩ የሚበቅለው ርዝመቱ እየተለያየ ስለሆነ፣ የተቆረጠው ጭብጥ በመጀመሪያ ሥሩ አካባቢ ያለው ለስላሳ የውስጥ ጠጉር በማበጠሪያ ይወጣለታል፤ ይህ ካልተደረገ ዘለላዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አይንቀሳቀሱም። ከዚያም ጫፉ ወደ ታች ሆኖ አንድ ወገኑ በተደፈነ ቱቦ ውስጥ ይገባና ቱቦው ጠረጴዛ ላይ ደጋግሞ ሲመታ ዘለላዎቹ በክብደታቸው እየወረዱ ጫፋቸው ወለሉ ላይ ይገናኛል፤ ቱቦው ተጋድሞ ሲከፈትም በጣት ለመያዝ የተዘጋጀ እኩል ጫፍ ይወጣል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቱቦ በገበያ ከመለመዱ በፊት ሠሪዎች ባዶ የሊፕስቲክ መያዣ ወይም የጥይት ቀለህ ይጠቀሙ ነበር፤ አንዳንዶችም ረዣዥሞቹን በጣት እየሳቡ መልሰው በማሰለፍ በእጃቸው ብቻ ያስተካክሉ ነበር። ቱቦው ጠባብ ከሆነ ወይም ጭብጡ ከበዛ ምንም ያህል ቢመታ ጠጉሩ አይወርድም፤ ስለዚህ ትዕግሥት የሚጠይቀው መምታቱ ሳይሆን ማበጠሩ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የዚህ ዝግጅት ጥብቅነት ጎልቶ የታየው አል ካውቺና ቦብ ናስታሲ የቤተርስን ዝንብ አሻሽለው ባቀረቡት አሠራር ሲሆን፣ በ1975 ያሳተሙት መጽሐፍም አሠራሩን በሰፊው አስተዋውቆታል። በሌሎች ተንሳፋፊ ዝንቦች ዙሪያውን የሚጠመጠመው የዶሮ ላባ በዚህ ዝንብ ላይ የለም፤ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው እንደ ግማሽ ክብ ተዘርግቶ የሚቆመው የአጋዘን ጠጉር ክንፉን የሚያሳይ ብቻ ሳይሆን ዝንቡን ሚዛኑን ጠብቆ ውሃው ላይ የሚያቆመው እርሱ ነው። ከሌሎቹ ረዝሞ የወጣ ዘለላ የክንፉን ክብ ስለሚሰብር፣ የሚሸፍነውም ላባ ስለሌለ፣ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል።