አረንጓዴዋ አተር የት ሄዳ ነበር?

ተረት ተረት አልልም፤ ያልኩ እንደሆነ «የላም በረት» ትሉኛላችሁ፣ ይህ ግን ተረት ሳይሆን የሆነ ነገር ነው። ይልቅ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ መንገዱ ሩቅ ነው። የምንሄደው በፈረንጆች አቆጣጠር ወደ 1822፣ ያን ጊዜ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ወደነበረው፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ወደሚባለው አገር ነው።

እዚያ ሃይንዘንዶርፍ በምትባል መንደር አንቶን ሜንደል የሚባል ገበሬ ነበረ። በሳምንት ሦስት ቀን ለባለ ርስቱ ይሠራል፣ እንደ ድሮው የኛ ሁዳድ መሆኑ ነው፤ በተረፈው ቀን የራሱን መሬት ያርሳል። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ነበሩት፣ ወንዱ ዮሐን ይባላል። ዮሐን ትምህርት ይወዳል፣ ትምህርት ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ይህ ሳያንስ በ1838 አባትየው ግንድ ወደቀበትና እንደ ድሮው መሥራት አቃተው፤ ልጁም ሰው እያስጠና፣ እየተራበና እየታመመ ጥቂት ተንገታገተና ሊያቋርጥ ሲል ታናሽ እህቱ ቴሬዚያ ብድግ አለች። ስታገባ ከአባቷ ቤት ይዛው ልትወጣ ከተቀመጠላት ድርሻ ከፍላ ሰጠችው። ይህችን ልጅ አደራ እንዳትረሷት።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ድህነቱ አልለቀቀውም፣ እናም በ1843 ብርኖ ከተማ ካለው ከቅዱስ ቶማስ ገዳም ገባ፤ መነኮሰና ስሙ ግሪጎር ተባለ። እንጀራ የማያሳስበው ቦታ አገኘ ማለት ነው፣ ይህን ራሱም አልደበቀም። ለመምህርነት ተፈተነና ወደቀ፤ አበምኔቱ ግን ሰው የሚያውቁ ሰው ነበሩና ቪየና ልከው ፊዚክስና ዕፅዋት አስጠኑት። ከፊዚክስ መቁጠር ተማረ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የዚህ ታሪክ ቁልፍ እሱ ነው፤ አበባ የሚወድ መነኩሴ ሞልቷል፣ የሚቆጥር ግን አንድ እሱ ተገኘ።

በ1856 ከገዳሙ ግቢ፣ ርዝመቷ 35 ሜትር ስፋቷ 7 ሜትር በሆነች ቁራሽ መሬት ላይ አተር ዘራ። የአተር አበባ ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድ ቤት ይዛ፣ በሯን ዘግታ፣ ራሷን በራሷ የምታራባ ጨዋ ናት። እሱ ታዲያ በጸደይ ማለዳ ያጎነብስና ገና ያልፈነዳውን እምቡጥ በጣቱ ቀስ አድርጎ ይከፍታል፣ ብናኙ ሳይበስል የወንዴውን ክፍል በወረንጦ አንድ በአንድ ይለቅማል፣ ከዚያ ከሌላ ተክል ያመጣውን ብናኝ ያስነካትና ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንዲህ ሲል ጀርባውን ያመዋል፣ ፀሐዩም ይበረታል፤ እምቡጡ ውስጥ ነቀዝ ቀድሞት የገባ እንደሆነም ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያምነው የአባትና የእናት ደም እንደ ቡናና ወተት ይቀላቀላል ብሎ ነበር፤ አንዴ ከተቀላቀለ ደግሞ ማን ይለየዋል? ሜንደል ፍሬዋ ቢጫ የሆነችውን አተር ፍሬዋ አረንጓዴ ከሆነችው አዳቀለ። እሸቱ ደርሶ ሲፈለፍለው ሁሉም ቢጫ፤ አረንጓዴ የለም፣ ድብልቅም የለም። ቢጫውን አባት ቢያደርገው ቢጫ፣ እናት ቢያደርገውም ቢጫ። ሌላ ሰው ቢሆን አረንጓዴዋን ቀብሮ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ እሱ ግን እነዚያን ቢጫዎች መልሶ ዘራ፣ ዓመት ጠበቀ፣ ከ258 ተክል 8,023 ፍሬ ሰበሰበና ለያቸው። ቢጫው 6,022 ሆነ። የቀረው 2,001ም፣ አያቱን መስሎ፣ ያለ አንዳች እንከን አረንጓዴ!

ሦስት ለአንድ ነው። ድብልብሉንና ጭምድዱን ፍሬ አየ፣ ሦስት ለአንድ፤ ረጅሙንና አጭሩን ተክል አየ፣ ያው ሦስት ለአንድ። (በ1936 ሮናልድ ፊሸር የሚባል እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ «ቁጥሩስ ከልክ በላይ አማረ» ብሎ ጠርጥሮታል፤ ሕጉን ግን የሻረው የለም።)

ሜንደል ነገሩን እንዲህ ፈታው። እያንዳንዱ ተክል ለአንድ ባሕርይ ሁለት ነገር ይይዛል፣ አንድ ከአባት አንድ ከእናት፤ ዛሬ ዘረ መል የምንለው ነው። ቢጫና አረንጓዴ አንድ ቤት ከተገናኙ ቢጫው ደጃፍ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል፣ አረንጓዴው ጓዳ ይገባል። ጓዳ ገባ እንጂ አልሞተም። ያ ተክል በተራው ሲያፈራ ደግሞ ሁለቱንም አያወርስም፣ አንዱን ብቻ ነው፣ የትኛውን እንደሆነ የዕጣ ነገር ነው፤ ከአራት አንዱ ላይ ዕጣው ከሁለቱም ወገን አረንጓዴ ይሆንና ደጃፉ ባዶውን ሲቀር ያ የተደበቀው ወጥቶ ይታያል። ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ አባቶቻችን፤ ይህ መነኩሴ በስንት ኃይል እንደሚስብ ቆጠረው።

ከቢጫዎቹም 519 ተክል ዘርቶ ጓዳቸውን ፈተሸ። 166ቱ ቢጫ ብቻ አፈሩ፣ 353ቱ ግን ዳግመኛ ቢጫና አረንጓዴ። ደጃፍ ላይ አንድ መልክ፣ ጓዳ ውስጥ ሌላ!

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። መቼም ሰው አተር አይደለም፤ ቁመታችንንም የቆዳችንንም ቀለም ብዙ ዘረ መሎች ተጋግዘው ነው የሚሠሩት። ግን በየሰፈራችን ጠይም ባልና ጠይም ሚስት ፀጉሩ የነጣ፣ ቆዳው ፀሐይ የማይችል ልጅ ይወልዱና፣ አልቢኖ የምንለውን ማለቴ ነው፣ ከአራስ ቤቱ ደጅ ሹክሹክታው ይጀመራል፣ ጣቱም ወደ እናቲቱ ይቀሰራል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ የሚወለደው ሁለቱም ወላጆች ከየጓዳቸው አንድ አንድ ሲሰጡት ነው፤ የእናቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጁ እንደ እነሱ ጠይም ሆኖ ይወለድ ነበር። የአተሩን ሒሳብ ሳውቅ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እነዚያ ሴቶች ናቸው።

ወደ ብርኖ እንመለስ። ሜንደል ስምንት ዓመት ለፍቶ፣ ወደ 28,000 ተክል አብቅሎ፣ በ1865 ፌብሩዋሪና ማርች፣ በሁለት ምሽት፣ ለከተማው የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ያገኘውን ተናገረ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ታተመ። ቁጥሩን ሰሙ፣ ሄዱ። በ1868 አበምኔት ሆኖ ተሾመና ቀሪ ዕድሜውን መንግሥት በገዳማት ላይ ከጣለው ግብር ጋር ሲሟገት ጨረሰው፤ በጃንዋሪ 6 ቀን 1884 አረፈ። በ1900 ሦስት ሊቃውንት በየፊናቸው እዚያው ሕግ ላይ ቢደርሱ፣ ወረቀቱ 34 ዓመት ቀድሟቸው ተቀምጦ አገኙት።

ቴሬዚያስ አትሉኝም? አግብታ ሦስት ወንዶች ልጆች ወልዳ ነበር። አጎታቸው አበምኔቱ ሦስቱንም ከኪሱ እያወጣ አስተማራቸው፤ ሁለቱ ሐኪሞች ሆኑ።