ስኳር ዘግይቶ የደረሰበት ማዕድ

ከደምበል ተነስቶ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ካዛንቺስ የሚዘልቀው ሰፈር የውጭ ምግብ የለመደው በአጋጣሚ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫውን አዲስ አበባ አደረገ፤ በ1953 ዓ.ም. አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ ትልልቆቹ ሆቴሎችም በዙሪያው ተተከሉ። የኮሚሽኑ የእስያ አቻ መቀመጫ ባንኮክ ነው፤ ሁለቱን ከተሞች ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያገናኛቸዋል። እንዲህ ባለ ሰፈር የታይላንድ ምግብ የሚያምረው ሰው መኖሩ አይገርምም። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም ስኳር ለመቀነስ የቆረጠ ሰው ግን አንድ ነገር ይነገረዋል፦ የታይ ምግብ ያለ ስኳር የታይ ምግብ አይሆንም። ታሪኩን ለተመለከተ ይህ አባባል አያስኬድም። በታይላንድም ሆነ በእኛ አገር፣ ነጭ ስኳር በገፍ ወደ ማዕድ የገባው በአንድ ሰው ዕድሜ በሚለካ ጊዜ ውስጥ ነው።

ከታይላንድ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1687 የፈረንሳይ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ሲያም፣ ማለትም ወደ ያኔዋ ታይላንድ፣ የሄደው ሲሞን ደ ላ ሉቤር፣ የአገሬው ሰው የዘወትር ምግብ ሩዝና ጥቂት የደረቀ ወይም ጨው የገባበት ዓሣ መሆኑን ጽፏል። በዚያው ዘመን በዋና ከተማዋ በአዩታያ ቤተ መንግሥት የታወቁት በእንቁላል አስኳልና በስኳር የሚሠሩ ጣፋጮች የፖርቱጋል ሙያ ናቸው፤ ስማቸውም ከጃፓንና ከፖርቱጋል ከሚወለደው ቤተሰብ ከወጣችው ከማሪያ ጉዮማር ጋር ይነሳል። በርበሬውም ቢሆን ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ ነው፤ እንደ እኛው በርበሬ ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ቻይናውያን ሰፋሪዎች ሸንኮራ አገዳን በሰፊው አለሙ፤ ስኳር የሲያም ዋና የውጭ ንግድ ዕቃ እስከ መሆን ደረሰ። አብዛኛው ግን በመርከብ ተጭኖ ለባዕድ ገበያ የሚሄድ ነበር። የመጀመሪያው ዘመናዊ የስኳር ፋብሪካ በላምፓንግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው።

የእኛ ታሪክ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ማር ነበረን፤ ሆኖም አብዛኛው ወደ ጠጅ ይሄድ ነበር። ቡናን በጨው የሚጠጣ አገር ዛሬም አለ። የወጣችን ጣፋጭነት ቀስ ብሎ ከሚቁላላ ሽንኩርት የሚወጣ ነው እንጂ ከስኳር ማንኪያ አይደለም። ይህን የለወጠው ወንጂ ነው። በኢንዶኔዥያ በሸንኮራ አገዳ እርሻ የከበረው ኤች ቪ ኤ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ፣ ኢንዶኔዥያ ነጻ ከወጣች በኋላ ሌላ መሬት ሲፈልግ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ የወንጂ ፋብሪካም በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። ኋላም መተሐራ ታከለ። በአንድ የዘመን አቆጣጠር ሲሰላ፣ በላምፓንግና በወንጂ መካከል ያለው ልዩነት 17 ዓመት ብቻ ነው። የስኳሩ ዕውቀትም በከፊል ከዚያው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ መሆኑን ልብ ይሏል።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ዘልዬው አላልፍም። የታይ ባለሙያ ጨው፣ ኮምጣጣ፣ የሚያቃጥልና ጣፋጭን ያመዛዝናል፤ የዘንባባ ስኳርም ከፋብሪካው እጅግ ይቀድማል። እውነት ነው። ነገር ግን የዘንባባ ስኳር ከዛፉ ጭማቂ ተቀድቶ፣ በእሳት ተንተክትኮ የሚገኝ የእጅ ሥራ ነበር፤ እንዲህ የተደከመበት ነገር በቁንጥር ይጨመራል እንጂ አይዘገንም። (ለሕመምተኛው ግን የዘንባባውም ስኳር ስኳር ነው፤ «የተፈጥሮ ነው» በሚለው ቃል አይታለል።) ከዚህም በላይ ማመዛዘኑ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሰሜን ምሥራቁ በኢሳን፣ ላብ የተባለው የተከተፈ ሥጋ በሎሚ፣ በዓሣ ሶስ፣ በደረቅ በርበሬና በተቆላ ሩዝ ዱቄት ይታሻል፤ ክትፎ ለሚያውቅ ሰው ባዕድ አይሆንበትም፤ ስኳርም አይጠይቅም። በየኑድል ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ስኳሩ ከኮምጣጤው፣ ከበርበሬውና ከዓሣ ሶሱ ጋር ለብቻው ይቀርባል፤ የሚጨምረው በላተኛው ራሱ ነው። እኔ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ የምለው ይህንን ነው፤ ልኩን የመወሰን ሥልጣን በዚያው ባህል ውስጥ ለበላተኛው ተሰጥቷል።

ሌላው ጥያቄ ሩዙን ይመለከታል። ወጡ ስኳር ባይኖረው ሩዙ በሰውነት ውስጥ ስኳር ይሆን የለምን? ይሆናል። እዚህ ላይ የጥንቱ ማዕድ አይረዳንም፤ ደ ላ ሉቤር ያየው ሲያማዊ ቀኑን ሙሉ የሚደክም ሰው ነበር። በቢሮ ወንበር ላይ የሚውል የካዛንቺስ ሠራተኛ ሩዙን ቀንሶ አትክልቱን ማብዛት አለበት።

ያለ ስኳር ለሚሠራ የታይ ምግብ የሚሆነው ቅመም ሩቅ አይደለም። የቶም ያም ሾርባ መዓዛ የሆነው ጠጅ ሣር በየጓሮው ይበቅላል፤ በሶብላ፣ ድንብላል፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚም የገበያችን ናቸው። ጣዕሙን ከሚያደክሙት መካከል ግንባር ቀደሙ በጠርሙስ የታሸገው ጣፋጭ የቃሪያ ሶስ ነው፤ ጀርባውን ያነበበ ሰው ስኳርን ከመጀመሪያዎቹ ግብዓቶች መካከል ያገኘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር በቀን ከሚወሰደው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል፤ 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 ግራም ገደማ ነው። የታመቀ ወተትና ስኳር የገባበት አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ የታይ ሻይ ከዚህ ብዙውን ሊወስድ ይችላል።

ስለዚህ በደምበልና በካዛንቺስ የእስያ ምግብ የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ ስኳሩን ከድስቱ አውጥታችሁ በጠረጴዛው ላይ አስቀምጡልን። አንባቢም ላብ፣ ቶም ያም ወይም በእሳት የተጠበሰ ዓሣ ሲያዝ «ስኳር አይጨመርበት» ለማለት አይፈር።