የሐረር ቤትና የአካባቢው ጸጋ

 

አላህ (ሱ.ወ.) ቤትን ማረፊያ፣ ጥላን መከለያ እንዳደረገልን በሱረቱ አን-ነሕል ያስታውሰናል። አባቶቻችን ይህን ጸጋ እንዴት እንደተጠቀሙበት፣ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሳነጹት የጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉት የሐረር ቤቶች ይመሰክራሉ።

ድንጋዩንና ጭቃውን፣ የጣሪያውን እንጨትና አፈር ያገኙት ከአካባቢያቸው ነው። ወፍራሙ ግድግዳና የአፈሩ ጣሪያ የቀኑን ሐሩር ቶሎ አያስገቡም፤ የሌሊቱንም ብርድ ይመክታሉ። የታጠረው ግቢ ብርሃንና አየር እየሰጠ የቤተሰቡን ገመና ይሸፍናል።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ይሁን እንጂ በብዙ ቤቶች የአፈሩን ጣሪያ ቆርቆሮ ተክቶታል። የአፈር ጣሪያ በየጊዜው ጥገና ይፈልጋልና ምክንያቱ ይገባናል፤ ግን ቆርቆሮ ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል። ልጆቻችን የጥገናውን ሙያ ከአዛውንት ግንበኞች ይማሩ እንላለን። አላህ ያግራልን!