ቀዳሚት ሰንበትና የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ አንተ በሮቤ ወይም በጎባ ደጋ ስንዴህ ደርሶ ሰማዩ ሲጠቁርብህ፣ አንቺም በአንገቱ ቡናሽ በዛፉ ላይ ቀልቶ ሳለ ዕለቱ ቅዳሜ ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ? የኮምባይነሩ ተራ የደረሰው በዚያው ዕለት ነው እንበል። «ቅዳሜማ እንደ እሑድ አይደለችም» የሚለውን ቃል ሁላችንም ሰምተናል፤ ብለነውም እናውቃለን። በዚህ ቃል ላይ ግን አባቶቻችን መቶ ዓመት ያህል ተከራክረዋል፤ ታስረውበታል፤ ተሰደውበታል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከባሌ ርቆ በሰሜን ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተወልደው በገርዓልታ ከአባ ዳንኤል ዘንድ ከመነኮሱ በኋላ በሰራዬ ብዙ ደቀ መዛሙርት አፈሩ። ትምህርታቸው እሑድ የጌታ ትንሣኤ ዕለት ሆና ስትከበር በሕገ ኦሪት የተሰጠችው ቅዳሜም አብራ ትከበር የሚል ነበር። የእስክንድርያ መንበር ልማድ በዘመኑ ከዚህ ይለይ ስለ ነበር ከግብፅ የሚመጡት ጳጳሳትና ከእነርሱ ጋር የቆሙት ታላላቅ ገዳማት ተቃወሟቸው። ጻድቁ አገራቸውን ትተው ወደ ግብፅ ወረዱ፤ ከፓትርያርኩ ጋር ተገናኙ፤ ከዚያም በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ በኩል አርመን ገብተው በዚያው እ.ኤ.አ. በ1352 ዐረፉ። መስከረም 18 ቀን የምናከብረው በዓል የእኒህ አባት ነው።

ለልጆቻቸው የቀረው ሸክም ከባድ ነበር። ከመዓርገ ክህነት ተለዩ፤ ከየአብያተ ክርስቲያናቱም ተገፉ። እነርሱ ግን ወደ ዳር አገር ወጥተው ገዳማትን መሠረቱ፤ የአባ ፊልጶስ ደብረ ቢዘን አንዱ ነው። በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ ወደ 1400 ገደማ፣ አባ ፊልጶስ ወደ ሐይቅ ተወስደው ታሰሩ። ቅዳሜን ሻሩ ቢባሉ እሺ አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1404 ንጉሡ ፈትተው የኤዎስጣቴዎስ ልጆች እንደ ሥርዓታቸው እንዲያከብሩ ፈቀዱ፤ ጳጳሱ አቡነ በርተሎሜዎስ ግን በቀድሞው አቋማቸው ጸኑ። እንግዲህ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዳሜ ለአንዱ ሰንበት፣ ለሌላው የሥራ ቀን ሆና ቆየች።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። እኛ ይህን ስናነብ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን አርሶ ለሚበላ ሰው ከሳምንቱ ሁለት ቀን ሞፈርና ማጭድ ማስቀመጥ ማለት ከጎተራው መቀነስ ማለት ነው። ሃይማኖታቸው በቃል ብቻ ሳይሆን ባልታረሰ ማሳና ባልታጨደ እህል ጭምር የሚታይ ነበር። ደግሞም ከጳጳሱ ጋር ቢለያዩም ሌላ ቤተ ክርስቲያን አላቋቋሙም፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ነው። መታዘዝን «ለእኔ ሲመቸኝ» ብለን ለምንተረጉም ለእኛ እንግዳ ጠባይ ነው።

ነገሩ የተቋጨው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ነው። እ.ኤ.አ. በ1450 በተጉለት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተደረገ። ጳጳሳቱ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል የቅዳሜን መከበር ተቀበሉ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም በበኩላቸው ከጳጳሳቱ እጅ ክህነትን ሊቀበሉ ተስማሙ። ሁለቱም ወገን አንዳች ነገር ለቀቀ። ንጉሡን ብቻ ማመስገን ይቀናናል፤ ይሁንና ይኸው ንጉሥ በሌሎች መነኮሳት ላይ እጁ የከበደ እንደ ነበር ታሪክ አይሸሽግም። ጉባኤው የደነገገውን ሥርዓት መነኮሳቱ አስቀድመው ኖረውት ነበር። ባሌ በዚያ ዘመን ለንጉሡ ከሚገብሩት የደቡብ ግዛቶች አንዷ ነበረች።

ዛሬ በዐቢይ ጾም በአዘቦት ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ሲቀደስ ቅዳሜና እሑድ በማለዳ የምናስቀድሰው፣ ከቀዳም ስዑር በቀርም ቅዳሜን እስከ ሰዓት የማንጾመው ቀዳሚት ሰንበት ክብሯ ስለ ተጠበቀ ነው። በእርግጥ ጌታችን በሰንበት እጁ የሰለለውን ሰው ፈውሷል፤ የታመመ መጠየቅ፣ ጉድጓድ የገባ በሬ ማውጣት፣ የጎረቤትን እሳት ማጥፋት ከሰንበት ጋር አይጣላም። የደረሰ ስንዴስ? አንዳንዴ ዝናቡ በእውነት ያስፈራል፤ ያን ጊዜ ንስሐ አባትህን አማክር። ብዙውን ጊዜ ግን የሚያስቸኩለን ዝናቡ ሳይሆን ተራው ነው። እንግዲያውስ ዓርብ ማታ ወደ ኮምባይነሩ ባለቤት ሂድና ሰኞ ከደረሰው ጎረቤትህ ጋር ተራ እንድትለዋወጡ ጠይቀው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።