ትርፍ አንጀት እና የበሽታ መከላከል ሥራው

ትርፍ አንጀት ከትልቁ አንጀት መነሻ ከረጢት (ሲከም) ላይ የሚወጣ፣ ጫፉ የተደፈነ ቀጭን ቱቦ ነው። የሚገኘው በሆድ ታችኛው ክፍል በቀኝ በኩል ሲሆን፣ በአዋቂ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ምግብ በመፍጨት ረገድ ለሰው የሚሰጠው አገልግሎት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግድግዳው ግን በሊምፍ ሕዋሳት የታጨቀ ነው፤ በመሆኑም እንደ ቶንሲል ሁሉ ከበሽታ መከላከያ አካላት ተርታ ይመደባል።

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትርፍ አንጀትን ሥራውን የጨረሰ ቅሪት አድርጎ አቀረበው። ይህ አስተያየት ከመቶ ዓመት በላይ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ቆየ። ተመራማሪዋ ሄዘር ስሚዝና ባልደረቦቿ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ከ500 በላይ የአጥቢ እንስሳት ዝርያዎችን አነጻጽረው፣ አካሉ በተለያዩ የዘር ሐረጎች ቢያንስ 29 ጊዜ ለየብቻው እንደተገኘ፣ አንዴ ከተገኘም እምብዛም እንደማይጠፋ አሳዩ። ጥቅም የሌለው አካል ይህን ያህል ጊዜ መደጋገሙ ለማመን ይከብዳል።

ሕፃን ሲወለድ በትርፍ አንጀቱ ውስጥ ያለው የሊምፍ ሕዋስ እጅግ ጥቂት ነው። ባክቴሪያ አንጀቱ ውስጥ መስፈር ሲጀምር፣ በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሊምፍ እጢዎቹ ይታያሉ፤ በጉርምስና ዕድሜና በወጣትነት በዝተው፣ በእርጅና ይመነምናሉ። ከላያቸው ያሉት ኤም ሕዋሳት ከአንጀቱ ይዘት የጀርም ናሙና እየወሰዱ ወደ ውስጥ ያሳልፋሉ። እዚያ የሚጠብቁት ቢ ሕዋሳት ናሙናውን ለይተው ካወቁ በኋላ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል ወደሚያመርቱ ሕዋሳት ይለወጣሉ። ይህ ፀረ እንግዳ አካል ዋና ሥራው መግደል አይደለም፤ ባክቴሪያውን ሸፍኖ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ እንዳይገባ ይገታል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት፣ ከትርፍ አንጀት ጋር የሚመሳሰለው የሊምፍ ክምችት የወጣላቸው አይጦች በትልቁ አንጀታቸው እነዚህን አምራች ሕዋሳት ያገኙት ዘግይተው ነበር፤ የባክቴሪያዎቻቸው ስብጥርም ተለውጧል።

በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራንዳል ቦሊንገርና ዊሊያም ፓርከር እ.ኤ.አ. በ2007 ሌላ ሥራ ጠቆሙ። ብርቱ ተቅማጥ አንጀትን ሲያጥበው፣ ጠባቡና ጫፉ የተደፈነው ትርፍ አንጀት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ይዞ ይቆያል፤ ገበሬ ለከርሞ ዘር እንደሚያስቀምጥ ማለት ነው። መላምቱ ከአካሉ ቅርጽ ጋር ይስማማል፤ ሆኖም በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ውጤት አንድ ዓይነት ስላልሆነ እንደተረጋገጠ መቁጠር አይገባም።

ትርፍ አንጀቱ የወጣለት ሰው በሽታ የመከላከል አቅሙ ጉልህ ጉድለት አይታይበትም፤ በትንሹና በትልቁ አንጀት ግድግዳ የተበተኑት ሌሎች የሊምፍ ክምችቶች ሥራውን ይሸፍናሉ። የተቆጣ ትርፍ አንጀት ግን ፈንድቶ ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችል፣ በቀዶ ሕክምና ከማውጣት ወደኋላ ማለት አይገባም።

ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የስዊድን ጥናት ነው። ከ20 ዓመት ዕድሜያቸው በፊት ትርፍ አንጀታቸው ተቆጥቶ የወጣላቸው ሰዎች፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት በሆነው አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ምክንያቱ ባልታወቀ የሆድ ሕመም የተነሳ ጤነኛው ትርፍ አንጀት በወጣላቸው ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም።