ጣርማበርን ብንበሳ ምን እናገኛለን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሸዋ ሮቢት ወደ አዲስ አበባ ስመለስ የጣርማበር ዋሻ አፍ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ቆሜያለሁ። ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ዋሻው ውስጥ ተበላሽቶ መንገዱን ይዞት ነበር። ጉሙ ከፊቴ ያለውን መኪና መብራት እንኳ ውጦታል። ከኋላዬ በቆመች ፒክአፕ ውስጥ በጋቢ የተጠቀለሉ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል። ልጃቸው ወርዶ ወደ እኔ መጣና፣ «ጋሼ፣ ወደፊት ሄደው አይተውታል? ቶሎ የሚከፈት ይመስልዎታል?» አለኝ። ከቀወት ቆላ ተነሥተው አባቱን ለማሳከም ወደ ደብረ ብርሃን መሄዳቸው ነበር። የምመልስለት አልነበረኝም። መኪናው ተጎትቶ ሲወጣ ሁላችንም ተንቀሳቀስን፤ ከዚያ በኋላ የሆኑትን አላወቅሁም።

በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ሌላው ዓለም ተራራውን ከሥር በስቶ ሲያልፍ እኛ ለምን እስከ ጫፍ እንወጣለን? እኔም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። የሕግ ሰው እንጂ መሐንዲስ ስላልሆንኩ መልሱን ለማወቅ ማንበብና መጠየቅ ነበረብኝ። ያገኘሁት መልስ ከጠበቅሁት የተለየ ሆነ።

የጣሊያን ቀዳዳ

በመጀመሪያ ስላለው ዋሻ እናንሣ። «በር» የሚለው ቃል በሀገራችን የተራራ መተላለፊያን ያመለክታል፤ ጣርማበርም በቆላውና በደጋው መካከል ያለ በር ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ የሞተር ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኰንኖች ሊያግዱት የተላኩት ወደዚሁ በር ነበር። ጦሩ ጣርማበር ሲደርስ መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው። ያ ሁሉ ተሽከርካሪ ቆሞ መንገድ መጠገን ግድ ሆነበት። ወራሪው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ቢገባም፣ ጣርማበርን የያዘ የሰሜኑን መንገድ እንደሚይዝ ግን ተምሮ ነው የገባው።

በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ከአስመራ አዲስ አበባ የሚዘልቀው መንገድ ሲሠራ ተራራው ተበሳ። ዋሻው 587 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ የሚገኘውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ብዙዎች እስከ ዛሬ «የሙሶሊኒ ዋሻ» ይሉታል። የተሠራው ጦርና ስንቅ ለማመላለስ ነው። የቀወት ገበሬ ሽንኩርቱን ለገበያ ያደርስበታል ተብሎ አልታሰበም። ቢሆንም ሀገር ነፃ ከወጣች በኋላ ሽንኩርቱም፣ ማሾውም፣ በሽተኛውም የሚያልፈው በዚያው ቀዳዳ ሆነ።

ልብ ማለት የሚገባው ነገር ግን አለ። ይህ ዋሻ ያስቀረው የጫፉን ጥቂት መንገድ ብቻ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ በአርማኒያ አድርጎ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲናም ጣርማበር ድረስ ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ሁሉ እንዳለ ነው።

ተራራ ወይስ ደረጃ?

የጥያቄው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሕንድ በሂማላያ ውስጥ የሠራችውንና በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተውን የአታል ዋሻ እንውሰድ። ርዝመቱ 9 ኪሎ ሜትር ሲሆን መንገዱን በ46 ኪሎ ሜትር አሳጥሯል። ሁለቱም አፎቹ ከ3,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ብለው፣ ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። መኪናው በአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው ወገን ሲወጣ ከበላዩ ያለውን ጫፍ ከመውጣትም ከመውረድም ይድናል። ፈረንሳይንና ጣሊያንን የሚያገናኘው የሞን ብላንም ነገር ያው ነው። እነዚህ ሁለት ጎን ያላቸው ተራሮች ናቸው።

የእኛ ጣርማበር ግን ሁለት ጎን የለውም። የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። ከቆላው ስትወጡ ማዶ የሚጠብቃችሁ ሌላ ቆላ አይደለም፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋው የደብረ ብርሃን አምባ ነው። ስለዚህ ተራራ ከምንለው ይልቅ ደረጃ ብንለው ይቀርባል። ደረጃን ደግሞ በስተው አያልፉትም፤ ይወጡታል እንጂ።

በቁጥር እንየው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ብርሃን ያለው የከፍታ ልዩነት 1,500 ሜትር ያህል ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1996 ዓ.ም. ያወጣው የዋሻ ደኅንነት መመሪያ፣ ሌላ አማራጭ ከሌለ በቀር፣ የአዲስ ዋሻ ዳገት ከመቶ 5 እንዳይበልጥ ይከለክላል። ከመቶ 3 ካለፈም ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በከመቶ 5 ዳገት 1,500 ሜትር ለመውጣት 30 ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። በ1993 ዓ.ም. የተከፈተው የኖርዌዩ ሌርዳል፣ በርዝመቱ ዓለም የሚያውቀው የመኪና ዋሻ፣ 24.5 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ «ከታች እስከ ላይ» ስንል ከሌርዳል የረዘመ፣ ያውም ሙሉ በሙሉ ዳገት የሆነ ዋሻ መጠየቃችን ነው። በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር መሥመር ጣርማበርን ሳይነካ ከአዋሽ በሸዋ ሮቢት በኩል በቆላው መሄዱም ያለምክንያት አይደለም።

ጢስ፣ ድንጋይና ውኃ

ርዝመቱ ቢቻል እንኳ ሌሎች ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ጢስ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጢሱም ይበዛል። በረጅም ዋሻ ውስጥ ያንን ጢስ የሚያወጣ ማራገቢያ ቀንና ሌሊት መሥራት አለበት፤ ለዚህም የማይቋረጥ መብራት ያስፈልጋል። በ1991 ዓ.ም. 11.6 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው በሞን ብላን ዋሻ ውስጥ አንድ ዱቄትና ማርጋሪን የጫነ መኪና ተቃጥሎ 39 ሰዎች ሞተዋል። ሀብታሞቹ ሀገሮች የደኅንነት መመሪያቸውን ያጠበቁት ከዚህ ዓይነቱ አደጋ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ድንጋዩ ነው። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ለአንድ የባዛልት ድንጋይ ምድብ «ጣርማበር» የሚል ስም ሰጥተውታል፤ መነሻውም ይኸው ቦታ ነው። ባዛልቱ ራሱ ጠንካራ ነው። በንብብሮቹ መካከል ያለው የበሰበሰ አመድና አፈር ግን ውኃ ሲጠግብ ይንሸራተታል። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በደብረ ሲና አካባቢ በደረሰው ከባድ የመሬት መንሸራተት ቤቶች ፈርሰዋል፣ ገበሬዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በሕንድ ሲልክያራ የተባለ በግንባታ ላይ ያለ ዋሻ ተደርምሶ 41 ሠራተኞች ለ17 ቀናት ከመሬት በታች ታግተው በሕይወት መውጣታቸውንም ማስታወስ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ውኃ ነው፤ ለቀወት ሰው ዋናው ጉዳይም ይኸው ይመስለኛል። ዋሻ ማለት በተራራ ሆድ ውስጥ የተዘረጋ ቦይ ነው። ድንጋዩ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ወደዚያ ሊያዘነብልና ምንጮች ሊደርቁ ይችላሉ። የሮቢት ሽንኩርት የሚጠጣው ከዚሁ ጠርዝ የሚወርደውን ውኃ ነው። ሽንኩርቱን ቶሎ ለማጓጓዝ ብለን የበቀለበትን ውኃ ብናጣ ትርፉ ምንድን ነው?

ሕጉ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40(8) መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፍል ያስገድዳል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም የተነሺዎችን ካሣና መልሶ ማቋቋም ይደነግጋል። እነዚህ ሕጎች በዋነኛነት የሚያስቡት መሬቱ ስለሚወሰድበት ሰው ነው። ዋሻ ግን መሬት ሳይወስድ ከሥር አልፎ ሦስት ቀበሌ ርቆ ያለ ምንጭ ሊያደርቅ ይችላል። ያ ገበሬ መሬቱ አልተነካም፤ ጎጆው አልፈረሰም፤ ውኃው ብቻ ሄዷል። በፍርድ ቤት ሲቆም ምንጩ ቀድሞ ምን ያህል ይፈስ እንደነበር በምን ያስረዳል? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 በሥራ ላይ ሊውል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንድ መሰርሰሪያ ድንጋዩን ሳይነካ የየቀበሌው ምንጭ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ፣ ቅጂውም በገበሬው እጅ መግባት አለበት።

እንግዲህ እኔ የደረስኩበት መደምደሚያ ይህ ነው። አንድ ታላቅ ዋሻ አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን በጫፉ ላይ ከአሮጌው ዋሻ ጎን ሁለተኛ ዋሻ፣ መብራትና የብልሽት መቆሚያ ያለው፤ ከዚያ በታች መሬቱ በሚንሸራተትባቸው ቦታዎች ጥናቱ የሚፈቅደው አጫጭር ዋሻ፣ ድልድይና የውኃ መፋሰሻ፤ በዳገቱም ከባድ መኪና የሚወጣበት የተለየ ረድፍ ነው። ይህ ሪባን ሲቆረጥ በፎቶግራፍ አያምርም ይሆናል፤ ግን ሠርተን ልንጠብቀው የምንችለው ነው።

ያ ወጣት በጉሙ ውስጥ የጠየቀኝ ስለ ዓለም ረጅሙ ዋሻ አልነበረም። የጠየቀኝ መንገዱ ይከፈት እንደሆነ ብቻ ነው። አንድ መኪና ሲበላሽ ሌላው የሚያልፍበት ሁለተኛ ቀዳዳ ቢኖር ኖሮ፣ መልስ አላጣም ነበር።