ወንዝ፣ ወተትና ኩሬ፦ የመጠጥ ታሪክ በጋምቤላ



ስለ መጠጥና ስለ ጤና ሲነሣ ዘወትር የምንሰማው ምክር «ውኃ አብዝታችሁ ጠጡ» የሚል ነው። ምክሩ እውነት ነው፤ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በጋምቤላ ቆላ ደግሞ ይበልጥ ይጸናል። የታሪክ ተማሪ ግን አስቀድሞ «የትኛውን ውኃ? መቼስ የተገኘውን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

በዚህ ምድር መጠጥንና ምግብን ለያይቶ ማየት ያስቸግራል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናት እንደሚታየው፣ ለኑዌር ወተት ጥምን መቁረጫም መብልም ነው። በጋ ሲገባ ከብቱ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል፤ የላሞቹ ወተት ሲቀንስ ዓሣ ይደግፈዋል። ማሽላ ሲደርስ ደግሞ እህሉ ገንፎም ጠላም ይሆናል። በጫካው አገር የሚኖረው መዠንግርም ከማር መጠጥ ይጥላል፤ የቡና ቅጠልም አፍልቶ ይጠጣል። እንግዲህ ወቅቱ ሲለወጥ መጠጡ ይለወጣል፤ መጠጡ ሲለወጥም ማዕዱ አብሮ ይለወጣል።

በ1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀደ። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ከሱዳን እየመጡ ከደጋው የወረደውን ቡና ይጭኑ ነበር። ጋምቤላ የቡና በር ሆነች። ይሁን እንጂ ጀልባውን ያመላለሰው ወንዝ ለሁሉም ቅርብ አልነበረም፤ ከባሮ ርቆ የሚያርሰውና የሚያድነው ሰው የሚጠጣው ከኩሬ ነበር።

የዚህን ዋጋ የጊኒ ዎርም በሽታ ያሳየናል። ጥገኛውን የተሸከሙ ጥቃቅን ፍጥረታት ያሉበትን የኩሬ ውኃ የጠጣ ሰው፣ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ትሉ ቆዳውን ቀዶ ይወጣበታል። በሽታው መድኃኒትም ክትባትም የለውም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 አንድም የሰው ሕመምተኛ ሳታስመዘግብ ቆይታ፣ በ2020 ጋምቤላ ውስጥ በጎግ ወረዳ በሽታው እንደገና ታየ። ችግሩ የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም፤ እርሻ ወይም ጫካ ውስጥ ውሎ የጠማው ሰው በአጠገቡ ያለውን ውኃ ይጠጣል። በአንገት ተንጠልጥሎ የሚያዝ የማጣሪያ ቱቦ የጠቀመውም ለዚህ ነው፤ ሰውየውን ወደ ቧንቧ ከመጥራት ይልቅ አብሮት ወደ ኩሬው ይሄዳልና።

ዛሬ በከተማው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ በየደጁ ይገኛል። ፈሳሽነታቸው ጥምን ያስታግሣል፤ ወተትና የማሽላ ጠላ ለማዕዱ ያበረክቱት የነበረውን ግን አይተኩም። ስለዚህ «ለስላሳ ተው» ብለን የምንመክር ሁሉ በምትኩ ምን እንደቀረበለት መጠየቅ አለብን። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ስፍራ ምርጫ አለ ማለት አንችልም።